የምትሄዱት መቼ ነው? ከድርጅት ፋይናንስ ወደ ፕራይቬት ኢኩቲ በጎልማሳ ዕድሜ

ሰንጋ ተራ አካባቢ በአንድ አዳራሽ፣ ከሥራ በኋላ ለተሰበሰቡ የፋይናንስ ባለሙያዎች ያደረግኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት አስተካክዬዋለሁ።

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ የታክሲ ሰልፍ ሰዓት ወደ ቤት መሄዱን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ብዙዎቻችሁ በዙሪያችን ካሉት የባንክ ሕንፃዎች በእግራችሁ ነው የመጣችሁት። ከአቃቂና ከገላን ፋብሪካዎች የመጣችሁም አላችሁ። እኔም መነሻዬ ፋብሪካ ነው። 14 ዓመት በድርጅት ፋይናንስ ሠርቻለሁ። ከሂሳብ ሠራተኛነት ተነስቼ የፋይናንስ ኃላፊ እስከ መሆን ደረስኩ። ወደ ፕራይቬት ኢኩቲ፣ ማለትም ከሌሎች በተሰበሰበ ገንዘብ (ፈንድ) የድርጅት ድርሻ ገዝቶ፣ አሳድጎ፣ መልሶ ወደሚሸጠው ሥራ የገባሁት 39 ዓመት ሞልቶኝ ነው።

ዛሬ የማወራችሁ ስለዚያ ነው። ግን ከአንድ ጥያቄ ልነሳ። የጠየቁት የቀድሞ አሠሪዬ ናቸው።

ድርጅቱ የቤተሰብ ነበር። የፕላስቲክ ጠርሙስና ክዳን ያመርታል። ባለቤቱን ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። በአንዲት ማሽን ጀምረው ነው ያን ፋብሪካ ያቆሙት። አንድ ቀን ከውጭ የመጣ ፈንድ ድርሻ መግዛት እንደሚፈልግ ነገረን። ከዚያ በኋላ የነበሩት አምስት ወራት ከባድ ነበሩ። በየቀኑ የጥያቄ ዝርዝር ይመጣል። የሦስት ዓመት ሽያጭ በደንበኛ ተለይቶ ይላክ። የእያንዳንዱ ማሽን የግዢ ሰነድ ይቅረብ። የግብር ክሊራንስ፣ የመሬት ሊዝ ውል፣ የጡረታ መዋጮ ማስረጃ። ሌሊት ሌሊት እየተቀመጥኩ መለስኩ።

በመጨረሻ ካዛንቺስ አንድ ሆቴል ውስጥ ተሰበሰብን። ሁለት ወጣቶች የአምስት ዓመት ትንበያቸውን በስክሪን አሳዩን። በጣም ጎበዞች ነበሩ። ጋሼ ዝም ብለው አዳመጡ። ሲጨርሱ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ደህና መጣችሁ። የምትሄዱትስ መቼ ነው?»

ወጣቶቹ ተያዩ። አንደኛው «እኛ የረጅም ጊዜ አጋር ነን» አለ። ጋሼ ምንም አልመለሱም። ቡናቸውን ጨርሰው ተነሱ። በማግስቱ ቢሯቸው ጠሩኝና «ልጄ፣ ይቅርብን» አሉኝ። «የሚሄድበትን ቀን የማይነግረኝን ሰው ቤቴ አላስገባም።»

በጣም ተናደድኩ። አምስት ወር የለፋሁበት ሥራ በአንድ ጥያቄ ፈረሰ። ጋሼ ነገሩ አልገባቸውም ብዬ ነበር። እንደገባቸው ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ፣ እኔ ራሴ ከጠረጴዛው በዚያኛው በኩል ስቀመጥ ነው።

ያ ፈንድ ያኔ ሰባተኛ ዓመቱ ላይ ነበር።

ይህ ለምን ትልቅ ነገር እንደሆነ ላስረዳ። ፈንድ ዕድሜ ያለው ገንዘብ ነው። የተለመደው 10 ዓመት ነው። በመጀመሪያዎቹ 4 ወይም 5 ዓመታት ኩባንያ ይገዛበታል። በቀሪዎቹ ዓመታት የተገዛው ይሸጥና ገንዘቡ ለባለቤቶቹ ይመለሳል። አንድ ሁለት ዓመት ማራዘም ይቻላል፤ እሱም ገንዘቡን የሰጡት ሲፈቅዱ ነው።

ዕቁብ የገባ ሰው ግማሹን ያውቀዋል። ዳኛው የሰበሰበው ገንዘብ የእሱ አይደለም። ቀኑ ሲደርስ ያወጣል፣ ሰበብ የለም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፦ በዕቁብ ያዋጣኸውን ታነሳለህ። በፈንድ ግን ገንዘቡ ከሠራ ተጨማሪ ይዞ ይመጣል፤ ካልሠራ ጎድሎ ይመጣል። አስተዳዳሪው ለሥራው በተለምዶ በየዓመቱ 2 በመቶ ገደማ ይከፈለዋል። ገንዘብ የሰጡት ሰዎች ዋናቸውንና በዓመት ወደ 8 በመቶ የሚጠጋ ትርፍ ካገኙ በኋላ ደግሞ፣ ከትርፉ 20 በመቶ የአስተዳዳሪው ይሆናል። ካሪ የሚባለው ይህ ነው። ስለ ፕራይቬት ኢኩቲ ሀብት የምትሰሙት ወሬ ሁሉ የሚመጣው ከዚህ 20 በመቶ ነው። ታዲያ የሚገኘው ኩባንያው ከተሸጠ በኋላ ነው። እንደ ደመወዝ በየወሩ አይገባም።

አሁን ወደ ጋሼ ተመለሱ። ሰባተኛ ዓመቱ ላይ ያለ ፈንድ ዛሬ ቢገዛ የሚቀረው ሦስት ዓመት ነው። ትንበያው ግን የአምስት ዓመት ነበር። አዲስ ማሽን ገዝቶ፣ ተክሎ፣ ሠራተኛ አሰልጥኖ ትርፍ እስኪታይ ሦስት ዓመት የት ይደርሳል? ጋሼ ስለ ፈንድ ዕድሜ የሚያውቁት ነገር አልነበረም። ግን ሰው ሲሸሽ ያውቃሉ። ወጣቶቹ ዓመቱን ሊናገሩ ያልቻሉት ቢናገሩት ስሌታቸው ስለሚፈርስ ነው።

ይህን ያስቀደምኩት በምክንያት ነው። ወደዚህ ሥራ ልግባ ብለው የሚያማክሩኝ ሰዎች በአብዛኛው የሚጠይቁኝ ስለ ኤክስል ሞዴል ነው። የትኛውን ኮርስ ልውሰድ? የሂሳብ ባለሙያነት ማረጋገጫው ኤሲሲኤ አለኝ፣ የኢንቨስትመንት ትንተናውን ሲኤፍኤ ልጨምር? መማር ጥሩ ነው፣ ተማሩ። ግን በ25 ዓመቱ ሞዴል የሚሠራ ልጅ አለ። ከእናንተ ይፈጥናል፣ ሌሊትም አይደክመውም። በ38 ዓመታችሁ ከእሱ ጋር በፍጥነት አትወዳደሩ። እናንተ ያላችሁ እሱ የሌለው ነገር ሌላ ነው። ጋሼ ያንን ጥያቄ ሲጠይቁ ከጎናቸው ተቀምጣችኋል። ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ ታውቃላችሁ።

አገራችን ላይ ይህ ለምን ይበልጥ እንደሚሠራ ልንገራችሁ። የፕራይቬት ኢኩቲን ታሪክ ስታነቡ አሜሪካ ትደርሳላችሁ። ኬኬአር የተባለው ድርጅት በ1976 እ.ኤ.አ. ተመሠረተ። አርጄአር ናቢስኮ የተባለውን የሲጋራና የብስኩት ኩባንያ በ25 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዝቶ ያጠቃለለው በ1989 እ.ኤ.አ. ነው። የዚያ ገንዘብ አብዛኛው ብድር ነበር። ዘዴው ይኸው ነው፦ በብድር ግዛ፣ ኩባንያው ራሱ ዕዳውን ይክፈል፣ ዕዳው ሲያልቅ ሽጥ። እዚያ ትርፉ ትልቅ ክፍሉ ከብድሩ አሠራር ይመጣል።

እዚህ ያንን አትሞክሩትም። ባንኮቻችን የሚያበድሩት በመያዣ ነው። ሕንፃ አሳየኝ፣ ካርታ አምጣ ይላሉ። ሼር ለመግዛት ያን ያህል ብድር የሚሰጣችሁ የለም። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ፈንድ ሥራው በአብዛኛው ይህ ነው፦ እያደገ ያለ ድርጅት ይፈልጋል፣ አዲስ ካፒታል ያስገባል፣ ብዙ ጊዜ ከግማሽ በታች ድርሻ ይይዛል። ባለቤቱ ባለቤት ሆኖ ይቀጥላል። ትርፉ የሚመጣው ድርጅቱ ሲያድግ ብቻ ነው። ድርጅቱን ከውስጥ የሚያሳድግ ሰው ከሌለ ሞዴሉ ወረቀት ነው።

ያው ኬኬአር ራሱ በአፍሪካ የመጀመሪያ ቀጥታ ኢንቨስትመንቱን ያደረገው እኛ ጋ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. ባቱ ላይ ጽጌረዳ የሚያመርተው አፍሪፍሎራ ውስጥ ገባ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ ሙዚቀኛው ቦብ ጌልዶፍ በሊቀመንበርነት ይመራው የነበረው ኤይት ማይልስ የተባለ ፈንድ አዋሽ ወይን ጠጅ ላይ ገንዘብ አስገብቷል። አበባና ወይን ጠጅ ናቸው፤ መሬት፣ ውሃ፣ ሠራተኛ፣ ጭነት፣ የውጭ ምንዛሪ። እነዚህን ስክሪን ፊት ተቀምጦ ማሳደግ አይቻልም።

ከውስጥ መምጣት ምን እንደሚጠቅም በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። ይህን ምሳሌ ስለምወደው ጊዜ እወስድበታለሁ።

በወር 20 ሚሊዮን ብር ጥሬ ዕቃ የሚጠቀም ፋብሪካ አስቡ። መጋዘኑን ስታዩ የ9 ወር ጥሬ ዕቃ ተከማችቷል። 180 ሚሊዮን ብር መጋዘን ውስጥ ተኝቷል ማለት ነው። ከውጭ የመጣው ተንታኝ ወዲያው ይጽፋል፦ «የአስተዳደር ድክመት፤ ክምችቱ ወደ ሁለት ወር ይውረድ።» እናንተ ግን ያንን መጋዘን ታውቁታላችሁ። ኤልሲ፣ ማለትም ባንክ ለውጭ አቅራቢ የሚሰጠውን የክፍያ ዋስትና፣ ለመክፈት ወረፋ የያዛችሁበትን ዘመን ታስታውሳላችሁ። ባንኩ ሲፈቅድ የተገኘውን ያህል ማዘዝ ግድ ነበር። ቀጣዩ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅማ። ጥሬ ዕቃ አልቆበት ማሽን ያቆመ ፋብሪካ ሠራተኛውን ይበትናል፤ ደንበኛውም ሌላ ቤት ይሄዳል። ስለዚህ ያ ክምችት የባለቤቱ ድክመት አልነበረም። ኢንሹራንሱ ነበር።

ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. መጣ። ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ለቀቀው። ከዚያ በፊት 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ዋጋው ጨመረ፤ ዶላር የማግኛው መንገድ ግን ተለወጠ። እውነተኛው ጥያቄ እዚህ ይነሳል፦ አሁን ባለው ሁኔታ ይህ ፋብሪካ ሳይፈራ ስንት ወር ይያዝ? ይህን የሚመልሰው ከባንኩ የትሬድ ሰርቪስ ክፍል ጋር ዓመታት የተነጋገረ፣ ጭነት ከጅቡቲ ሞጆ ስንት ቀን እንደሚፈጅበት በልምድ የሚያውቅ ሰው ነው። መልሱ አራት ወር ነው እንበል። 80 ሚሊዮን ብር መጋዘን ውስጥ ይቀራል፣ 100 ሚሊዮን ብር ነጻ ይወጣል። አንድም ሼር ሳይሸጥ፣ አንድም ብር ሳይበደር። በዚያ ገንዘብ ሁለተኛ የማምረቻ መስመር ይተከላል።

ሁለቱም ሰዎች ያዩት አንድ መጋዘን ነው። አንዱ ባለቤቱን ወቀሰ፣ አንዱ ባለቤቱን ተረዳና ገንዘቡን አወጣ። የምትሸጡት ሙያ ይህ ነው። ሲቪያችሁ ላይ «የ12 ዓመት ልምድ በበጀትና በሪፖርት ዝግጅት» ብላችሁ አትጻፉት። ያወጣችሁትን ገንዘብ ጻፉ።

አሁን ደግሞ ከባዱን ልንገራችሁ። መተው ያለባችሁ ልማድ አለ።

የመጀመሪያ ቃለ መጠይቄን ወድቄያለሁ። የአንድ ኩባንያ ሰነድ ሰጡኝና ሁለት ሰዓት አነበብኩ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፦ «ትገዢዋለሽ?» 20 ደቂቃ ተናገርኩ። የኦዲት ግኝቶቹን ዘረዘርኩ። የእርጅና ቅናሹ ስሌት ላይ ያለውን ስህተት አሳየሁ። ያልተከፈለ የግብር ስጋት እንዳለ ነገርኳቸው። የተናገርኩት ሁሉ ልክ ነበር። እገዛዋለሁ ወይም አልገዛም ግን አላልኩም። በስንት እንደምገዛም አላልኩም።

ድርጅት ውስጥ የፋይናንስ ሰው ጠባቂ ነው። ወጪ እንዳይበዛ፣ ፊርማ እንዳይጎድል፣ ግብር ሰብሳቢው እንዳይመጣ ይጠብቃል። ስህተት ካገኘ ሥራውን ሠርቷል። ኢንቨስተር ግን ስህተቱን አግኝቶ፣ ዋጋ ሰጥቶት፣ ከዚያ ይወስናል። መረጃው ጎዶሎ ሆኖ ይወስናል። ከዚያም አምስት ስድስት ዓመት ከውሳኔው ጋር ይኖራል። ይህን ለመልመድ አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል። እያንዳንዱን ጉድለት እንደ እንቢታ ማየት አቆምኩና «ይህ ጉድለት ከዋጋው ስንት ይቀንሳል? እኛ ከገባን በኋላስ በስንት ጊዜ ይስተካከላል?» ብዬ መጠየቅ ጀመርኩ።

ሁለት መዝገብ ላይ ግን አቋሜ ጥብቅ ነው። አንዱ ለገቢዎች፣ አንዱ ለባለቤቱ የተዘጋጀ መዝገብ ብዙ ቦታ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። አንዳንዱ ባለቤት ከልቡ ማስተካከል ይፈልጋል፤ ገልጾ፣ የሚከፈለውን ከፍሎ፣ አንድ መዝገብ ይዞ መቀጠል ይፈልጋል። ከእሱ ጋር ሥሩ። «ትክክለኛውን ለእናንተ ብቻ ላሳያችሁ» ከሚል ጋር ግን አትቀጥሉ። ለእነሱ የደበቀ ለእናንተም ይደብቃል።

ሌላው የሚለወጠው ጊዜ ነው። ድርጅት ውስጥ «ትርፋችን በእጥፍ አደገ» ካልን ደስ ይለናል። ፈንድ ውስጥ ወዲያው የሚጠየቀው በስንት ዓመት ነው። ገንዘብ በሦስት ዓመት እጥፍ ከሆነ በዓመት 26 በመቶ ነው። በአምስት ዓመት ከሆነ 15 በመቶ ገደማ። በሰባት ዓመት ከሆነ ወደ 10 በመቶ ይወርዳል። ያው እጥፍ ነው። የፈቃድ መዘግየት፣ ጉምሩክ ላይ የቆየ ማሽን፣ ያልተጠናቀቀ የስም ዝውውር፣ ሁሉም ከትርፉ ይበላሉ።

ከጊዜ በላይ የሚያስጨንቀው ግን ዶላሩ ነው። ወደ አፍሪካ ፈንዶች ገንዘብ ከሚያስገቡት ብዙዎቹ የልማት ፋይናንስ ተቋማት ናቸው፤ ለምሳሌ የዓለም ባንክ ቡድን አባል የሆነው አይኤፍሲ፣ ወይም ቀድሞ ሲዲሲ ይባል የነበረው የእንግሊዙ ቢአይአይ። የሰጡት በዶላር ነው፣ የሚጠብቁትም በዶላር ነው። ዶላር 57 ብር እያለ 1 ሚሊዮን ዶላር አስገባችሁ እንበል። 57 ሚሊዮን ብር ሆነ። በአምስት ዓመት ሦስት እጥፍ አደረጋችሁት፣ 171 ሚሊዮን ብር። የሚያስመሰግን ሥራ ነው። የምትወጡበት ቀን ዶላሩ 130 ብር ከሆነ ግን እጃችሁ ላይ ያለው 1.3 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። በዓመት ሲሰላ 6 በመቶ እንኳ አይሞላም። ያ የ8 በመቶ ወለል ላይ አልተደረሰም። ባለቤቱ ሀብታም ሆኗል፣ ሠራተኛው አድጓል፣ ለፈንዱ ቡድን ካሪ የሚባል ነገር የለም።

እዚህም የውስጥ ሰው ያስፈልጋል። ምክንያቱም መልሱ ያለው ኩባንያው ዋጋውን ማስተላለፍ መቻሉ ላይ ነው። ዶላር ሲጨምር የምርቱን ዋጋ መጨመር የሚችለው የትኛው ነው? ወደ ውጭ የሚልከው የትኛው ነው? ጥሬ ዕቃውን አገር ውስጥ ማግኘት የሚችለውስ? ዋጋ ስትጨምሩ ደንበኛ ሲሸሽና ሳይሸሽ አይታችኋል። ያንን ትዝታ ይዛችሁ ኑ።

አሁን ስለ መውጫው፣ ማለትም ስለ ጋሼ ጥያቄ።

መውጫ ማለት ድርሻችንን ማን ይገዛናል ማለት ነው። የመጀመሪያው መንገድ በዘርፉ ያለ ትልቅ ኩባንያ ነው። ሄኒከን በ2003 ዓ.ም. በደሌንና ሐረርን ከመንግሥት ሲገዛ 163 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። ሻጩ ፈንድ አልነበረም፤ ግን ትልቅ ገዢ እዚህ አገር ላለ ብራንድ ምን ያህል ሊከፍል እንደሚችል ያሳያል። ሁለተኛው ባለቤቱ ራሱ መልሶ መግዛቱ ነው። ይህ በውል ሲጻፍ ቀላል ነው፤ ቀኑ ሲደርስ ግን ባለቤቱ ያን ያህል ጥሬ ገንዘብ ላይኖረው ይችላል። ሦስተኛው የአክሲዮን ገበያ ነው።

በዚህ በሦስተኛው እኔ ተስፋ አለኝ። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ሲወጣ ብዙ ሰው ወረቀት ነው ብሎ ነበር። ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ሥራ ጀመረ። መጀመሪያ የተመዘገበው ስታዲየም አጠገብ ዋና መሥሪያ ቤቱ ያለው ወጋገን ባንክ ነው። ለአነስተኛና መካከለኛ ድርጅቶች የታሰበ የዕድገት ገበያም አለው። አንድ የቤተሰብ ፋብሪካ እዚያ እስኪደርስ ግን ብዙ ሥራ አለ። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሼሩን ለሕዝብ አይሸጥም። መጀመሪያ አክሲዮን ማኅበር መሆን አለበት። የሂሳብ መግለጫው በዓለም አቀፉ የሂሳብ ሪፖርት ደረጃ በአይኤፍአርኤስ ተዘጋጅቶ ኦዲት መደረግ አለበት። ቦርዱ ወንድምና እህት ብቻ ሊሆን አይችልም። ማን ነው ይህን ሁሉ የሚሠራው? የፋይናንስ ኃላፊው ነው። እናንተ ናችሁ።

አንዲት ትንሽ ነገር ደግሞ አትርሱ። ከውጭ የመጣ ካፒታል ሲገባ መመዝገቡን የሚያሳይ ማስረጃ በፋይል ይቀመጥ። ስትወጡ ገንዘቡን ወደ ውጭ ለመላክ ያቺ ወረቀት ትጠየቃለች። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይሉት የለ? መግቢያ ላይ የተዝረከረከ ፋይል መውጫ ላይ ብዙ ወር ያስቀምጣል።

የግል ሕይወትንም ልንካው፤ ምክንያቱም እረፍት ሰዓት ላይ ሁለት ሦስት ሰው ጎን ለጎን ጠይቆኛል። አዲስ አበባ ቢሮ ከፍተው የሚሠሩ ፈንዶች ጥቂት ናቸው። ቡድናቸውም ትንሽ ነው። ቦታ የሚገኘው በማስታወቂያ ሳይሆን በሰው ነው። ኦዲተሮች፣ ጠበቆች፣ የባንክ ብድር ክፍል ሰዎች ማን ካፒታል እንደሚፈልግ ቀድመው ይሰማሉ። ለቅሶ ቤት ተቀምጣችሁ የምታወሩት ሰው ነገ የፋብሪካውን ወራሾች ያስተዋውቃችኋል። እኔ በር የተከፈተልኝ በድሮ ኦዲተራችን በኩል ነው። አንድ ፈንድ ድርሻ የገዛበት ድርጅት የፋይናንስ ኃላፊ ፈልጎ ነበር። በዚያ ገባሁ። ሁለት ዓመት እዚያ ሠራሁና ወደ ፈንዱ ቡድን ተዛወርኩ። ለእናንተ ዕድሜ የተሻለው መንገድ ይህ ይመስለኛል። ቀጥታ ፈንድ ካልተገኘ ደግሞ ሌሎች በሮች አሉ። ፈቃድ አግኝተው የሚሠሩ የኢንቨስትመንት ባንኮች አሉ። የመንግሥት ድርጅቶችን የሚያስተዳድረው የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ አለ። እዚያ የምትማሩት ቋንቋ አንድ ነው።

ደመወዜ ቀንሷል። የመኪና አበል ቀርቷል። የቤት ብድር እየከፈልን፣ ሁለት ልጆች ትምህርት ቤት እያሉ ነው የወሰንኩት። ከባለቤቴ ጋር አንድ ቅዳሜ ቁጭ ብለን ወጪያችንን በወረቀት ጻፍን። ካሪውን ዜሮ ብለን አሰላነው። በዜሮ መኖር እንደምንችል ስናረጋግጥ ገባሁ። እናንተም በዜሮ አስሉት። በዜሮ የማይሠራ ከሆነ ይቆይ፤ ሁለት ዓመት ቆጥቡና ተመለሱበት።

እስከዚያው አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። የምትሠሩበትን ድርጅት ነገ የሚገዛ ቢመጣ በስንት ይግዛው? ሦስት ገጽ ጻፉ። ገንዘቡ የት እንደተኛ፣ ምን ሊያከስር እንደሚችል፣ ማን መልሶ እንደሚገዛው። የድርጅቱ ምስጢር ስለሆነ ለማንም አታሳዩት፤ ለራሳችሁ ነው። ጽፋችሁ ስትጨርሱ የመጨረሻው መስመር ላይ «እገዛዋለሁ» ወይም «አልገዛውም» የሚል ይኑር። ያንን መስመር መጻፍ ሦስቱን ገጽ ከመጻፍ ይከብዳል።

በመጨረሻ የቅርቡን ልንገራችሁና ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንሂድ።

መርካቶ ውስጥ በበርበሬና በሽሮ ሥራ የጀመሩ፣ አሁን ትልቅ ማቀነባበሪያ ያላቸው እናት ጋ ሄጄ ነበር። እትዬ ነው የምላቸው። ሦስተኛ ስብሰባችን ነው። ልጃቸው ከጎናቸው ተቀምጣ ማስታወሻ ትይዛለች። ስለ ዋጋ ከማውራታችን በፊት ወረቀቱን ገለጥኩና የመጀመሪያውን ገጽ አሳየኋቸው።

«እትዬ፣ ፈንዳችን ሁለተኛ ዓመቱ ላይ ነው። ከገባን በኋላ በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ዓመት እንወጣለን። የምንሸጥለትን ሰው እርስዎ ቀድመው ያያሉ። በዚያው ዋጋ መግዛት ከፈለጉ ቅድሚያው የእርስዎ ነው። እዚህ ተጽፏል።»

ወረቀቱን ለልጃቸው ሰጧት። ቀስ ብላ አነበበችላቸው። አንዴ አስቆሟትና አንዱን መስመር ደግማ እንድታነብላቸው ጠየቋት፤ ስድስተኛ ዓመት የሚለውን።

«ይቺ ያኔ 32 ዓመቷ ይሆናል» አሉ ልጃቸውን እያዩ። «ሂሳቡን እስከዚያ አስተምሪልኝ። ምናልባት የምትገዛችሁ እሷ ትሆናለች።»

ከዚያ ተነስተን መጋዘኑን ልናይ ሄድን።